ማሽኑ የማያውቃት እህት

«እንግዲህ ማሽኑ ራሱ ካላወቃት እኛ ምን እናድርግ?» አሉ ጋሼ። ባለቤቴ ሁለቱም እጆቹ በእንጨት ብናኝ ተሸፍነው ስለነበር ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያወራው፤ እኔም ወጥ ቤቱ በር ላይ ሻይ እየቀዳሁ አንድም ቃል አላመለጠኝም። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ አሁንም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት እጁን ነው። ማሽኑ አላወቃትም የተባለችው ደግሞ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ከአባታቸው ሁለተኛ ሚስት የተወለደች፣ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷትም እስከ ዛሬ «ትንሿ» የምትባል። ባለቤቴ «ኧረ ጋሼ፣ ማሽን እንዴት አድርጎ ሰው ያውቃል?» አላቸው። «የእኔን አውቆ የለም እንዴ!» አሉና ዘጉት።

ነገሩ ይኸውላችሁ። አባታቸው፣ የከተማውን ግማሽ ሰው ኮት ያለበሱት ልብስ ሰፊ፣ ካረፉ ዓመት ሆናቸው። ጋሼ በአባታቸው ቤት በር ላይ የአራቱ ልጆች ስም በአንድ መስመር የተቀረጸበት ሰሌዳ እንዲሰቀል አዘዙ፤ በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ ሌላ ከተማ የሚኖሩት እትዬ፣ ከዚያ ባለቤቴ፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ። ባለቤቴ መነጽር ሠሪ ነው፤ በፀጉር ስፋት እንዳይሳሳት እየተጨነቀ መስታወት ሲሞርድ ይውላል። ትርፍ ሰዓቱን ግን የሚያጠፋው ሲኤንሲ በሚሉት፣ ኮምፒዩተር እያዘዘው እንጨት በሚቀርጽ ማሽን ላይ ነው፤ ራሱ ገጣጥሞ ሳሎናችን መሀል ተክሎታል። በሦስት ሳምንት ሦስት ሰሌዳ ቀረጸ። በሦስቱም ላይ የጋሼ ስም ውሃ እስኪይዝ ድረስ ጠልቆ ወጣ፤ የእትዬ አምሮ ወጣ፤ የባለቤቴ በእርሳስ የተጫረ ያህል ታየ፤ የትንሿ ቦታ ላይ ንጹሕ እንጨት ብቻ ነበር። ይህ የዋህ ባሌ ደግሞ የመጀመሪያውን ፎቶ አንስቶ የቤተሰቡ የስልክ ቡድን ላይ ለጠፈው። ትንሿ «በጣም ያምራል። የእኔስ?» ብላ ጻፈች። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልመለሰላትም።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ቤቱን ለማያውቅ ሰው ነው። ትንሿ የምትኖረው እዚያው አባቷ ቤት ውስጥ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት አባቷን ያጎረሰችው፣ ያጠበችው፣ ያገላበጠችው እሷ ናት። በምትኖርበት ቤት በር ላይ የሦስት ሰው ስም ተሰቅሎ የእሷ ከሌለ፣ ከነገ ጀምሮ እሷ በዚያ ቤት ማን ናት? የቤት ጠባቂ? ይህን ጥያቄ እሷም ታውቀዋለች፣ ጋሼም ያውቁታል፤ የማያውቅ የሚመስለው ማሽኑ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ ደውላ፣ በዚያ ዓመት ሙሉ ባልለቀቃት ሳል መሀል፣ «ወንድምዓለም፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሰቀል ስሜ ከሌለ እኔ በሩን አልከፍትም» አለችው። እየሳቀች ነበር፤ ግን ስትስቅ እንኳ የምሯን እንደሆነ ገባኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀጥል አይሆንም። ማሽኑ የቆመበት፣ እንጨቱም እየታሰረ የሚቀረጽበት ወፍራም ጣውላ የአባታቸው ጠረጴዛ ነው። ሰውየው ካረፉ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲከፋፈል ትንሿ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጠረጴዛውን። ጋሼ ግን እሷ ሥራ ላይ በነበረችበት ቀን መጥተው አስፈትተው ወሰዱት፤ ለባለቤቴ «እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ አይገኝም፣ ላንተ ማሽን ይሁን» አሉት፤ ለእሷ ደግሞ «ምስጥ ጨርሶት ተጣለ» አሏት። ባለቤቴ እንጨቱን ሲያይ ዓይኑ በራ፣ አፉን ያዘ። እኔ ሳይገባኝ ቀርቶ ነው እንዳልል አራቱን እግሮች የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ በረንዳዬ ላይ የአበባ መደርደሪያ ሆነው ሰባት ማሰሮ ተሸክመዋል። እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

ባለቤቴ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንደ ሐኪም ከጫፍ ጀመረ። መቁረጫውን ጥርስ አወጣ፣ በማጉያ መነጽር አየው፣ አዲስ ቀየረለት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰ፣ ጨመረ። እኔን «እዚያ ጋ አትቁሚ፣ ወለሉ ይርገበገባል» ብሎ ወደ መስኮቱ ገፋኝ፤ ከመስኮቱ ደግሞ «ንፋስ እየገባ ነው» ብሎ ወደ ወጥ ቤት መለሰኝ፤ በራሴ ሳሎን ውስጥ የምተነፍስበት ቦታ አጣሁ። በዚህ መሀል እትዬ የድምፅ መልእክት ላኩ፦ «ምናልባት ስሟ ረዝሞበት ይሆናል፣ ማሽኑ እዚያ እስኪደርስ እየደከመው።» የትንሿ ስም ሦስት ፊደል ነው፤ ከአራቱም ያጠረ። ባለቤቴ ግን ይህንንም ከቁም ነገር ቆጥሮ ፊደሎቹን ሰፋ አድርጎ በአሮጌ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ሞከረው። ምንም።

ዜሮ የሚሉት ነገር አላቸው። በእንጨቱና በመቁረጫው ጫፍ መካከል ወረቀት ይገባል፤ ጫፉ ቀስ እያለ ወርዶ ወረቀቱን ሲይዘው «እዚህ ጋ ዜሮ ነህ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ጥልቀቱን ሁሉ የሚለካው ከዚያች ነጥብ ነው። ባለቤቴ ዜሮውን ዘወትር የሚወስደው ከግራ ጫፍ፣ ከጋሼ ስም ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ገርሞት አየኝ። «ከታላቅ አይደለም እንዴ የሚጀመረው?» አለኝ። የማሽኑ ሻጭ ግን በስልክ ሲጠየቅ የማን ስም የት እንዳለ ስለማያውቅ «ከማይቀርጽበት በኩል ዜሮ ውሰድና እየው» አለው። ወሰደ። የትንሿ ስም ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ልቤ በደስታ ዘለለ። የጋሼ ስም ግን መቁረጫው ሹል ስለሆነና ሲጠልቅ ስለሚሰፋ አብጦ፣ ፊደሎቹ ተጣብቀው፣ አፈር ላይ የተቀመጠ ጫማ አሻራ መሰለ። ይህንንም ፎቶ አንስቶ ላከው። ምን ላድርገው?

ጋሼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሩን አንኳኩ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ በኪሳቸው ግንበኞች የሚይዙት ውሃ ልክ ብቅ ብሏል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ስሜ ለምን አበጠ?» አሉ። ባለቤቴ ሊያስረዳ ሞከረ፤ «ልኬት ከታናሽ ሲጀመር የሚመጣው ይኸው ነው» ብለው ቆረጡት። ወንበር ስበው ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ከዚያም በተቆጣጣሪ ድምፅ «በሦስት ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ አልወጣችም። ይህ ማስረጃ ነው። እኔ ሰው ለመጉዳት አይደለም፤ ግን አንዳንድ ነገር በራሱ ጊዜ ይናገራል» አሉ። እንግዲህ የባል ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ምላሴን ነክሼ ቁርስ አቀረብኩ። ቁርሱን አጣጥመው በሉ፤ ነገር ሲያምራቸው ምግብም ያምራቸዋል።

«ለምን ሰሌዳውን አታዞረውም?» አልኩት ባሌን፣ ሳህኑን እያነሳሁ። «ስሞቹን ገልብጣቸው። ትንሿን በግራ፣ ጋሼን በቀኝ። ለሙከራ ብቻ።» ጋሼ ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ሳቅ ነበር። «ይሞከር፣ ይሞከር» አሉ። ባለቤቴ ኮምፒዩተሩ ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ፣ በአሮጌ ሰሌዳ ጀርባ፣ ዜሮውን ከግራ ወስዶ ማሽኑን ለቀቀው። ሳሎኑ በጩኸትና በብናኝ ተሞላ። ሲያበቃ ባለቤቴ በብሩሽ ጠረገው፤ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። የትንሿ ስም ጠልቆ፣ የባለቤቴ አምሮ፣ የእትዬ ሳስቶ ወጥቷል። ጋሼ የሉም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በጣታቸው እንጨቱን ዳሰሱ። ከዚያ ቀና ብለው፣ እውነተኛ ድንጋጤ ፊታቸው ላይ እየታየ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል!» አሉ። ወጥ ቤት ሮጬ ገብቼ ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ሳቅሁ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋሼን የሚያህል መሐንዲስ አልተገኘም። ውሃ ልኩን በማሽኑ ክፈፍ ላይ አስቀመጡ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። «ማሽኑ ልክ ነው» አሉ፣ «ጥፋቱ የወለሉ ነው።» ሽንኩርት አስመጥተው ወለሉ ላይ ለቀቁት፤ ተንከባሎ ሶፋ ሥር ገባ። «አላልኳችሁም?» እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ስለ ማሽን አላውቅም፤ ግን ወለሉ ቢያዘነብል ማሽኑም እንጨቱም አብረው አይደለም ወይ የሚያዘነብሉት አልኩ። ማን ሰምቶኝ። ማሽኑን ከነጣውላው፣ እንዲያ እየከበደ፣ ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት። እዚያም ሞከሩ፤ ያው ነው። ወደ ወጥ ቤት በር ወሰዱት፤ ያው ነው። መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ተቀርቅሮ ቀረባቸውና፣ ባለቤቴ በመኝታ ቤት በኩል፣ ጋሼ በሳሎን በኩል ሆነው፣ ሁለት ወንድማማቾች በማሽን ተለያይተው ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ባሌ በዚያ ሁሉ መሀል አንዴ «ምናልባት ጣውላው ራሱ...» ሲል ሰማሁት። «የአባባ ጠረጴዛ?» አሉ ጋሼ። «አባባ በሕይወቱ አንዲት ስፌት ያላጣመመ ሰው፣ ጠማማ ጠረጴዛ ላይ ሊበላ?» ባለቤቴ አፍሮ ተወው። ለሦስት ሳምንት ያልመረመረው ያን ብቻ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። የአባትን ጠረጴዛ መጠርጠር አባትን መጠርጠር ሆኖበት።

ማሽኑ በመጨረሻ ወደ ሳሎን ሲመለስ በሩ ተደበደበ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው አናጢ ነው። «እህቴ» አለኝ፣ ፊቱ እንቅልፍ እንደተነፈገ ሰው አብጦ፣ «እኔ በሳምንት ስድስት ቀን ከእንጨት ጩኸት ጋር ነው የምውለው። ሰባተኛዋን ቀን ከጣሪያዬ በላይ እንጨት እየጮኸ፣ ጭራሽ ደግሞ ቤት ለቤት እየተጎተተ!» ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በትከሻዬ በኩል አሻግሮ አየና ቁጣውን ረሳው። ማሽኑን አይደለም ያየው። «ይሄ እንጨት ከየት መጣ?» እያለ ጫማውን አውልቆ ገባ። ተንበርክኮ መዳፉን ጣውላው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ አሳለፈ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ባለቤቴን የብረት ማስመሪያ ጠየቀውና በጠርዙ አቆመው። «ጎንበስ በሉ። ምን ይታያችኋል?» በግራ በኩል ማስመሪያው እንጨቱ ላይ ድፍን ብሎ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ከሥሩ ብርሃን ይታያል። አናጢው ወረቀት አጥፎ አጥፎ አስገባበት፤ ሰባት እጥፍ ገባ።

«ታዲያ ማሽኑ ምን ያድርግ? እንጨቱ ወደዚያ ሲሄድ ጎድጉዶ ይጠብቀዋል፤ እሱ አየር ነው የሚቀርጸው» አለ አናጢው። ጋሼ ተነሡ። «የአባባ ጠረጴዛ ጠማማ አይደለም።» «ጠማማ አላልኩም፣ ጌታዬ። ታጥቧል ነው ያልኩት። ይኸው አሻራው፤ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦና በሙቅ ውሃ የታሸ እንጨት ነው። አንድ ቀን ሁለት ቀን እንዳይመስላችሁ። በቀን ሦስቴ፣ ለዓመታት። በዚህ በግራ በኩል ግን እጅ ያረፈበት አይመስልም፤ የእንግዳ ቦታ ነበር እንዴ?»

ጠረጴዛው በአባታቸው ቤት መስኮቱ አጠገብ ነበር የሚቆመው። የባለቤቴ አባት ከታመሙ በኋላ በቀኝ ጫፍ፣ ብርሃን በሚያገኙበት በኩል ተደግፈው ይቀመጡ ነበር፤ ትንሿ እዚያው አጠገባቸው ሆና ታጎርሳቸዋለች፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹ ይፈሳል፤ አሳስቃቸው ስታበቃ ጠረጴዛውን ትፈትገዋለች። በግራ ጫፍ የሚቀመጡት ጋሼ ነበሩ፤ በወር አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴ ማስመሪያውን ያዘ እንጂ ቀና አላለም። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ውጭ ምንም ወደሌለበት ሲያዩ ቆዩና «እርጥበትም ሊሆን ይችላል» አሉ። እኔም ሶፋ ሥር የገባውን ሽንኩርት ፍለጋ ጎንበስ አልኩ።

አናጢው የእኛ ነገር ስላልገባው ሥራውን ቀጠለ። ከፍ ያለውን የግራ ወገን በራሱ በማሽኑ ልጎ ከዝቅተኛው ጋር ማስተካከል እንደሚሻል ነገራቸው፤ ጋሼ የአባታቸው እንጨት አይነካም አሉ። «እንግዲያው ከቀኝ በኩል ከሰሌዳው ሥር የሆነ ነገር እንደግፍ» ብሎ ልኩን የሚሆን ካርቶን ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት በረንዳ ወጣ። ሲመለስ አራት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ፣ ጠርዙ የጠቆረ ወፍራም ካርቶን ይዟል፤ ከአበባ መደርደሪያዬ ከአንደኛው እግር ሥር ያወጣው ነው። ያ እግር ከሌሎቹ ያጥራል፤ ካርቶኑም ከእግሩ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ እኔ እንደነበረው አድርጌ ነው የተጠቀምኩበት። በረንዳው ላይ አንድ ማሰሮ ተንገዳገደ። አናጢው ካርቶኑን ከሰሌዳው የቀኝ ጫፍ ሥር ሸጎጠ፤ በማስመሪያ ለካ፤ አወጣ፣ አንድ እጥፍ ዘረጋ፣ መልሶ ሸጎጠ። የቀረን አንድ ሰሌዳ ነበር። ባለቤቴ ላቡን ጠርጎ አዝራሩን ተጫነ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ጋሼ፣ እትዬ፣ ባለቤቴ። መቁረጫው ወደ ቀኝ ጫፍ ሲቃረብ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን፤ አናጢው ሳይቀር። ከዚያ ያቺ ቀጭን ብናኝ ብቅ አለች፤ በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም ስም ሳይበላሽ፣ በራሷ ቦታ ከትንሿ ስም ላይ ብናኝ ተነሣ። ባለቤቴ አለቀሰ። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሰው፣ በሦስት ፊደል። ጋሼ ጃኬታቸውን አወለቁና የአራቱን ስም ጥልቀት በጥፍራቸው ፈተሹ፤ እኩል ነው። «ይኸው፣ ሰው ከተባበረ...» ብለው ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ በሩ ተንኳኳ።

ገና ስምንት ሰዓት ነው። ትንሿ አብረን እንድንሄድ ብላ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድማ፣ ዕቃ መጫኛ ታክሲ ታች አቁማ መጥታለች፤ ደረጃውን ስትወጣ ሳሏ ቀድሟት ገባ። ስሟን ከሩቅ ነው ያየችው። እዚያው በሩ ላይ ቆመችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወጣሁ?» አለች። «ወጣሽ!» አለ ባለቤቴ፣ እንደ ሕፃን እየዘለለ። ቀረብ ብላ በጣቷ በየፊደሉ ውስጥ ሄደች፤ ጋሼን እጃቸውን ስማ አመሰገነቻቸው፤ እሳቸውም «ምን ጎድሎብሽ ያውቃልና» አሏት፣ ያለ ምንም እፍረት። እኔ የሚመጣው ገብቶኝ ነበር፤ ሻይ ልስጥሽ፣ ነይ ወጥ ቤት፣ ነይ ተቀመጪ እያልኩ ክንዷን ያዝኩ። ዘገየሁ። ብናኙን እፍ ልትል ሰሌዳውን በሁለት እጇ አነሣችው።

ከሥሩ ያለውን ጣውላ አየች። ሰሌዳውን ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ መዳፏን በቀኝ ጫፍ፣ በዚያ በተጎደጎደው ቦታ ላይ አሳረፈች፤ ክርኗም በልማድ ይሁን በሌላ ከጠርዙ ጋር ገጠመ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ምስጥ ጨርሶት ተጣለ አላሉኝም ነበር?» አለች።

«ተገኘ» አሉ ጋሼ።

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ወለሉን፣ በሩን፣ አልጋውን ሳይቀር የምስጥ መድኃኒት ስቀባ ነው የኖርኩት። ቤቱን ሊጨርሰው ነው ብዬ። ሐኪሙ ይሄን ሳል ያመጣብሽ እሱ ነው፣ ተዪ አለኝ፤ እኔ ግን የአባባ ቤት በእጄ ላይ ይፍረስ?»

«ጥንቃቄ ምንጊዜም ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ። አናጢው ጫማውን ፈልጎ ማሰር ጀመረ። ትንሿ አየቻቸው፤ ብትሰድባቸው፣ ብትጮህ፣ ሰሌዳውን አንሥታ ብትፈነክታቸው ደስ ባለኝ። እሷ ግን ወደ ባለቤቴ ዞራ «ስንት ብሎን ነው?» አለችው። «አሥራ አራት» አለ። «ፍታው።»

ፈታው። ጋሼ የሚይዙት ጠፍቷቸው ከሻይ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አነሡና አጠገቡ ቆሙ፤ ባለቤቴ የፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ብርጭቆው ውስጥ ይጥላል፤ ጠሽ ይላል። አሥራ አራት ጊዜ ጠሽ አለ። ማሽኑ ተነሥቶ ባዶ ወለል ላይ ተቀመጠ፤ ያ ሁሉ ኩራቱ ጠፍቶ የተጣለ አልጋ መሰለ። አናጢውና ትንሿ ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዘው በሩ ጋ ሲደርሱ እሷ ቆም አለች። ፊቷን ሳትመልስ «እግሮቹስ?» አለች።

ጋሼ እኔን አላዩኝም፤ ይህን አልክድም። ባለቤቴም ጫማውን እንጂ እኔን አላየም። ያላዩኝ ሊሸፍኑልኝ ብለው ነው። ከጠዋት ጀምሮ በሰው ስስቅ ውዬ፣ ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ስንከተከት ውዬ፣ አሁን ተራው የእኔ ሆነ። «ተጥለዋል» ብል ያልፍ ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ እንደ ጋሼ «አልተገኙም» ማለትም ይቻላል። ትንሿ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ «እሺ» ብላ ደረጃውን ወረደች። በረንዳ ወጣሁ። ሰባቱን ማሰሮ አንድ በአንድ አንሥቼ ወለል ላይ ደረደርኩ፤ የመደርደሪያውን ጣውላ ገለበጥኩ፤ እግሮቹን ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ ብብቴ ሥር ይዤ፣ በቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሳሎኑን ሳልፍ ባለቤቴ ማሽኑ ከመነቀሉ የተነሣ ተጎድቶ እንደሆነ ለማየት አዝራሩን ተጭኖታል፤ ማሽኑ ባዶ ወለል ላይ፣ አየር ላይ፣ ያንኑ አራት ስም ወዲያና ወዲህ እያለ ይጽፋል። ጋሼ ብሎን የሞላ ብርጭቆ እንደያዙ በትኩረት ይከታተሉታል። «አሁን የማን ስም ላይ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። «የእርስዎ» አለ ባለቤቴ። ጋሼ ጎንበስ አሉ። «አይታይም» አሉ።

ታች ስደርስ አናጢው ጣውላውን መኪናው ላይ እያሰረው ነው። እግሮቹን ለትንሿ ዘረጋሁላት። ማልቀስ ጀምሬ ስለነበር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «እኔ ጋ ነበሩ» ብቻ አልኩ። ተቀበለችኝ፤ አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። አጭሯ ላይ ስትደርስ «ይቺ ታነክሳለች፤ አባባ የኮት እጅጌ የሚቀድበትን ካርቶን አጥፎ ከሥሯ ያደርግ ነበር» አለች። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተመልሼ ሮጥኩ። ካርቶኑን ሶፋው ላይ ከሰሌዳው አጠገብ አገኘሁት፤ ያን ሁሉ ስም እኩል ያወጣው እሱ ነበር። ይዤላት ወረድኩ። ዘርግታ አየችው፤ በእርሳስ የተሰመረው የእጅጌ ቅርጽ ደብዝዞም ቢሆን አለ፤ መልሳ በራሱ እጥፋት አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በአውራ ጣቷ ከእግሩ ላይ የደረቀ አፈር ጠረገች። «አበባ ነበረበት እንዴ?»

«አዎ።»

«የምን አበባ?»

ከዚያ ሁሉ በደል መሀል ልትጠይቀኝ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ነገርኳት፤ ጌራንየም ነው፣ ሰባት ማሰሮ፣ ቀይና ነጭ። መኪናው ላይ ወጥታ ከጣውላዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሰሌዳውን ጋሼ ይዘው እንዲመጡ፣ በሩን እንደምትከፍት ነገረችኝ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ አሳላት፤ ጋብ ሲልላት ወደ በረንዳችን ቀና ብላ አየችና «አበቦቹን መሬት ላይ አትተዪያቸው፣ እህትዓለም፣ ሥራቸው ይበሰብሳል» አለችኝ።